የፊት ቁጣውና የጸጉር ዱቄቱ፦ በባሕር ዳር የታየ የአንዲት ሴት የቆዳ አለርጂ ጉዳይ

ባለጉዳይዋ ዕድሜዋ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ፣ በባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ዳር ካሉት የዓሣ ጥብስ ቤቶች በአንዱ የምትሠራ እናት ናት። ስሟን ባልጠቅስም ታሪኳ ለሌሎች እንዲጻፍ ፈቅዳለች። እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የመጣችው ጥምቀት ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ እናቷ ክንዷን ይዘው እየመሯት ነበር። ሁለቱም የዓይኗ ቆቦች አብጠው የቀኝ ዓይኗ ከቀጭን ስንጥቅ በላይ አይከፈትም ነበር። ግንባሯ ላይ ጸጉሯ ከሚጀምርበት ዳርቻ አንሥቶ፣ በጆሮዎቿ ፊትና ኋላ አልፎ፣ እስከ ማጅራቷ ድረስ ቆዳዋ ተቆጥቷል፤ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል፤ በአንዳንድ ቦታም ያዣል። በጠይም ቆዳ ላይ ቁጣ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቀይ ሆኖ አይታይም። የእሷም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጠቆር ያለ መልክ ስለነበረው፣ ቀድመው ያዩዋት ሰዎች «ጠቆርሽ እንጂ አልቀላሽም» እያሉ አለርጂ አለመሆኑን ነግረዋታል። ትኩሳት የላትም፤ ከንፈሯና ምላሷ አላበጡም፤ ትንፋሽም አላጠራትም። ማሳከኩ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳታል።

ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በቀደመው ፋሲካ ሰሞን ቀለል ያለ እብጠትና ማሳከክ አጋጥሟት በራሱ ጊዜ ጠፍቷል። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ጠንከር ብሎ ተመልሶ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ዓይኗን ዘጋው። በመካከል ባሉት ወራት ፊቷ ደህና ነበር። ይህን የመምጣትና የመሄድ ጊዜ ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነበርና።

በመጀመሪያ የተወነጀለው ዓሣው ነበር። አሠሪዋ ዓሣ አልተስማማሽም ብሎ ከመጥበሻው አንሥቶ ዕቃ እጥበት ላይ መድቧታል፤ በዚህም ከደንበኞች ታገኝ የነበረው ጉርሻ ቀርቶባታል። ነገር ግን የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው ምልክቱ የሚታይበት በበላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይም በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው፤ ገላው ሽፍ ይላል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ያስታውከዋል፣ ሲብስም ትንፋሹ ይቆራረጣል። ከጸጉር ዳርቻ ተነሥቶ በጆሮ ዙሪያ የሚወርድና ሳምንታት የሚቆይ ቁጣ ከዚህ ጋር አይሄድም። ከዚያም በላይ ይህች ሴት ደህና በነበረችባቸው ወራት ሁሉ ቆሮሶውንም አምባዛውንም ስትነካና ስትበላ ነው የኖረችው።

እናቷ በበኩላቸው ጥርጣሬ አልነበራቸውም። «ምች ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፤ ከምጣድ እሳት ተነሥታ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፤ እኔ አውቀዋለሁ ልጄ» አሉኝ። እማማ የነገሩኝን አቅልዬ አላየሁትም፤ በእኛ አካባቢ ፊት ላይ ድንገት ለሚወጣ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው እርዳታ ዳማከሴ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም ጉዳት የለውም። በዚህ ጊዜ ግን ከዳማከሴው ጋር ብዙ ጤና አዳም ቀላቅለው በእጃቸው አሽተው፣ ጭማቂውን በጥምቀት ዕለት ማለዳ ልጃቸውን ቀቧት። ልጅቱም ታቦታቱን ለማጀብ ወጥታ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆመች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ይህ ነውና። ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን በውስጡ ይይዛል። እነዚህ ቆዳ ላይ ሲቀቡ ብቻቸውን ብዙም አያደርጉም፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ግን ቆዳውን ያቃጥሉታል። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፤ በማግስቱ ጀምሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ሲድንም ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል፤ ፊትን ያጠራል ተብሎ ሎሚ ተቀብቶ መውጣት የተለመደ ነውና ይህንም አብሬ መናገር እወዳለሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጨረሩም ብርቱ ነው። በባለጉዳይዋ ግራ ጉንጭ ላይ ከዓይኗ ጠርዝ ወደ አገጯ የሚወርዱ ጠቆር ያሉ ሦስት መስመሮች ነበሩ። ቀረብ ብዬ ሳያቸው እያንዳንዳቸው የአንድ ጣት ስፋት ያላቸው፣ ከላይ ደመቅ ብለው ወደ ታች የሚሳሱ ነበሩ፤ ጭማቂውን ያሻሹበት እጅ አቅጣጫ ሳይቀር ይነበባል። አለርጂ እንዲህ ባለ ቀጥተኛ መስመር አይወጣም። ስለዚህ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁለት ነበር፤ አንደኛው የጤና አዳሙ ቃጠሎ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከእሱ በፊት የጀመረው፣ ጤና አዳሙ እንዲቀባ ምክንያት የሆነው ቁጣ ነው። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅጠል ግን ከዚህ ጋር ጉዳይ የላትም።

ሦስተኛ ነገርም አለ። ከእንቁጣጣሹ ቁጣ በኋላ የቀረውን ጥቁረት ማዲያት ነው ብለዋት ከአንድ ኮስሞቲክስ ሱቅ ክሬም ገዝታ ነበር። ክሬሙን አምጪው ብያት ባየው ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ክሬም ሲቀባ ፊት በሁለት ቀን ይረጋጋል፣ ይጠራልም፤ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያወጣል፣ በአፍ ዙሪያ ብጉር መሰል ሽፍታ ያመጣል፤ ሲቋረጥም ቁጣው ብሶ ይመለሳል። በአፏ ዙሪያ የነበሩት ጥቃቅን እብጠቶች መነሻቸው ይህ ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ያደረሰን ግን ከሕንድ የመጣው ስጦታ ነው። አንዲት የቅርብ ዘመዷ ታማሚ ይዛ ለሕክምና ወደ ሕንድ ሄዳ ስትመለስ አዩርቬዳ በሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ባህላዊ ሕክምና የተዘጋጁ ናቸው የተባሉ ዕቃዎች አምጥታላታለች፤ የኒም ሳሙና፣ ከእርድና ከሰንደል የተዘጋጀ የፊት ዱቄት፣ «ደም ያጠራል» የተባለ እንክብል፣ እንዲሁም ለሽበት የሚሆን የጸጉር ዱቄት። ከዕቃው ጋር ምክርም መጥቷል። በአዩርቬዳ ትምህርት የሰው ገላ ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ በሚባሉ ሦስት ኃይሎች ሚዛን ይጠበቃል። ከእነዚህ ፒታ የእሳትና የውሃ ጠባይ ያለው ነው፤ ሲበዛ ሙቀት፣ ቅላትና ማቃጠል በቆዳ ላይ ይወጣል ይባላል። ስለዚህ የሚያቃጥል፣ የሚኮመጥጥና የፈላ ምግብ፣ አልኮልና ፀሐይ ይቀነሳሉ። ባለጉዳይዋ ይህን በእምነት ተቀብላ በርበሬና አዋዜ ለወራት ትታለች፤ እንጀራውንም የፈላ ነው በማለት ቀንሳ ከስታለች። ቁጣው ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ።

ይህን የምጽፈው አዩርቬዳን ለማጣጣል አይደለም። ቻራካ እና ሱሽሩታ በተባሉት ጥንታዊ የሳንስክሪት የሕክምና መጻሕፍት ላይ የቆመ፣ የቆዳ በሽታዎችን በዝርዝር የከፋፈለ ረጅም ትምህርት ነው። በውስጡም ኒዳና ፓሪቫርጃና የሚባል መርሕ አለ፤ ማንኛውም መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ሕመሙን ያመጣውን ነገር ማስወገድ ይቀድማል ማለት ነው። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ከአዩርቬዳ ሁሉ የሚበልጠው ይህ መርሕ ነው፤ ከዕቃዎቹ ጋር ሳይመጣ የቀረውም እሱ ነበር። ዱቄቱ ተጓዘ፣ እንክብሉ ተጓዘ፤ ምክንያቱን ቀድሞ መፈለግ የሚለው ትእዛዝ ግን እዚያው ቀረ።

ምክንያቱን ለመፈለግ የፊቷን ካርታና የወራቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀመጥን። ቁጣው የፊት ዱቄቱ የሚቀባበትን ጉንጭና አፍንጫ ብዙም አልነካም። የያዘው የጸጉር ዳርቻን፣ ጆሮን፣ ማጅራትንና የዓይን ቆብን ነው፤ ይህም ጸጉር ሲታጠብ ከራስ የሚወርድ ውሃ የሚያልፍበት መንገድ ነው። የዓይን ቆብ በገላችን ላይ ካለው ቆዳ ሁሉ ቀጭኑ በመሆኑ፣ ራስ ላይ የፈሰሰ ነገር ከራስ ቅል ቆዳ ይልቅ እሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ስለ ፊቷ መጠየቅ ትቼ ስለ ጸጉሯ ጠየቅሁ። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት ሽበቷን ተቀብታለች፤ በሦስቱም ጊዜ ማሳከኩ የጀመረው ከተቀባች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። የጥምቀቱን ስታስታውስ ደግሞ፣ ከከተራ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ተቀብታ በከተራ ማታ ጆሮዋን ስታክ እንዳመሸች ነገረችኝ። «እሱ እኮ ቅጠል ነው፤ ኬሚካሉን የተውኩት ለጤናዬ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሱቅ ቀለም ስትቀባ ምንም አልሆነችም ነበር።

በማግስቱ ማሸጊያውን አመጣችው። ፊት ለፊቱ አረንጓዴ ቅጠሎች ተሥለውበታል፤ በጀርባው፣ ከታጠፈው ጠርዝ ሥር፣ በጣም በደቀቀ ጽሑፍ ከሂናና ከሌሎች ዕፀዋት ስሞች በኋላ ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን የሚል ነበር። ይህ በባለሙያዎች ዘንድ ፒፒዲ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር ቀለም ሰጪ ኬሚካል፣ በጸጉር ቀለም ምክንያት ለሚመጣ አለርጂ በዓለም ላይ ከሚታወቁት መንሥኤዎች ዋነኛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጸጉር ቀለም ውስጥ ተደባልቆ ራስ ላይ ሲደርስ መጠኑ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ ለሚቀባ ጌጥም አይፈቅደውም። ንጹሕ ሂና፣ ማለትም የተክሉ ቅጠል ብቻ፣ የሚሰጠው ቀለም ወደ ብርቱካንና ቡናማ የሚያደላ ነው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሽበትን ጥቁር የሚያደርግ ዱቄት ማሸጊያው ምንም ቢል ቅጠል ብቻ ሊሆን አይችልም። እንሶስላ ሞቀው የሚያውቁ ሴቶች ሁሉ ቅጠልና ሥር ቀለም ለመስጠት ሌሊቱን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።

የፒፒዲ አለርጂ የዘገየ ዓይነት ነው። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ነገሩን አንድ ጊዜ ጠላት ብለው ከመዘገቡት በኋላ በሚቀጥለው ንክኪ ለመሰብሰብ ብዙውን ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይወስድባቸዋል። ለዚህ ነው ሰው ዛሬ የተቀባውን ረስቶ ከነገ ወዲያ የበላውን የሚወነጅለው። ለዓመታት ያለ ችግር መጠቀምም ዋስትና አይሆንም፤ ምዝገባው በማንኛውም ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። አንዴ ከተፈጸመ ግን በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ በየጊዜውም ሊበረታ ይችላል።

እብጠቱ ዓይኗን የዘጋ፣ ቁስሉም የሚያዥ ስለነበር በዚያው ዕለት ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋት። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ አዘዘላት፤ ለሌሊቱም እንቅልፍ የሚያመጣ የማሳከክ መድኃኒት ጨመረላት። ይህን በግልጽ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምገልጻቸው የቤት ውስጥ ማረጋጊያዎች ብቻቸውን ያን እብጠት ያነሡታል ብሎ የሚያምን እንዳይኖር ነው።

የቤቱ ሥራ የተጀመረው በመተው ነው። ዱቄቱ፣ ሳሙናው፣ ክሬሙ፣ ሎሽኑ፣ ዳማከሴው፣ ሁሉም ቆመ፤ ክሬሙን እንዴት እንደምታቆም ሐኪሙ ነገራት። ጸጉሯ ላይ የቀረው ቀለም እንዲወጣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሻምፑ፣ ራሷን ወደ ኋላ አዘንብላ ውሃው ፊቷን ሳይነካ እንዲወርድ ተደርጎ በእናቷ እጅ ታጠበ። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ፣ የተቀቀለ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እየተነከረና በልኩ እየተጨመቀ፣ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ፊቷ ላይ ተዘረጋ። ቅዝቃዜው ማሳከኩን ያበርዳል፤ እርጥበቱ ሲተን የሚያዠውን ያደርቃል፤ ቅርፊቱም ሳይቧጠጥ ይላቀቃል። ጨርቁ እንደተነሣ፣ ቆዳው ገና ወዝ እያለው፣ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን በስሱ ይቀባል። ይህን ያህል ተራ ነገር መሆኑ እናቲቱን ቅር አሰኝቷቸው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ልጃቸው ሌሊቱን ተኝታ ስታድር ግን ጨርቁን የሚቀቅሉት እሳቸው ሆኑ።

ቁስሉ ማዠቱን ሲተው አጃ ጨመርን። ሳይቆላ በደቃቁ የተፈጨና የተነፋ አጃ እፍኝ ያህል በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በዚያ ፊትን ጠብ ጠብ ማድረግና ሳይፈትጉ ማለቅለቅ ነው። በደቃቁ የተፈጨ አጃ ማሳከክን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮች ስላሉት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ቆዳን ከሚጠብቁ ነገሮች መካከል መዝግቦታል። በየቤታችን ለአጥሚት የሚቀመጠው እህል ለዚህ መዋሉ ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ለአጥሚት የሚፈጨው ብዙ ጊዜ የተቆላና ከሌላ እህል የተቀላቀለ ስለሆነ ለብቻው መዘጋጀት አለበት።

ከአዩርቬዳው ወገን አንድ ነገር ሞክረናል፤ መቶ ጊዜ የታጠበ ቅቤ ይሉታል። የተነጠረ ቅቤ በንጹሕ ውሃ እየተመታ ውሃው ደጋግሞ ሲለወጥ ነጭና ለስላሳ ቅባት ይሆናል፤ ለሚያቃጥል ቆዳም ይቀባል። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ቅቤ ለገላ መሆኑን ከማንም አልተማሩትምና። ልብ ማለት ያስፈለገው እኛ ቤት የሚነጠረው ቅቤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ እርድና አብሽ የሚገባበት መሆኑ ነው፤ ያ የተቆጣ ፊት ላይ ፈጽሞ አይደርስም። ቅመም ያልነካው ቅቤ አንጥረው አዘጋጁ፤ በመጀመሪያ በክንዷ፣ ቀጥሎ ቁስሉ በዳነበት ማጅራቷ ላይ ተቀባ፤ ተስማማትም። ያም ሆኖ ቅባት በመሆኑ ከቫዝሊኑ የበለጠ ሲሠራ አላየሁም፤ ቶሎ ይሸታል፤ ለቀናት የሚቆይም አይደለም። ከወደደችው ትጠቀምበት፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይዘጋጅ አልኳቸው።

የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ለየናቸው። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ሲያገግም የፊት ዱቄቱን በክርኗ መታጠፊያ ላይ፣ በሳንቲም ስፋት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት እንድትሞክረው አደረግን፤ ምንም አልወጣባትም። ይሁንና እርድም ሰንደልም በአንዳንድ ሰዎች ላይ የንክኪ አለርጂ ማምጣታቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ቆዳዋም ገና ሳስቶ ስላለ፣ ለጊዜው እንድትተወው መከርኩ። የኒሙ ሳሙና እንደማንኛውም ሳሙና ቆዳን ያደርቃል፤ ለእጅ እንዲሆን ተተወ። እንክብሉን ግን ጨርሶ እንዳትውጠው ነው የነገርኳት፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በኢንተርኔት ከሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንደተገኘባቸው አሳይቷል። በጸጉር ዱቄቱ ላይ ምንም ሙከራ አላደረግንም፤ እንዲህ በበረታ አለርጂ ላይ ትንሽ ንክኪም አደገኛ ነው። የተጠረጠረውን ነገር በጥቂቱ ቆዳ ላይ ለጥፎ የሚታይበት የፓች ምርመራም አልተደረገላትም፤ መደምደሚያው የቆመው በቁጣው ቦታ፣ በቀኖቹ መገጣጠም፣ በማሸጊያው ጽሑፍና ዱቄቱ ከቆመ በኋላ ቁጣው ባለመመለሱ ላይ ነው።

ፋሲካ መጣ፤ ሳትቀባ ዋለች፤ ፊቷም ደህና ሆኖ አለፈ። አሠሪዋ ወደ መጥበሻው መልሷታል፤ በርበሬዋንም እንጀራዋንም እንደ ድሮዋ ትበላለች። የጉንጯ መስመሮች በዝግታ እየደበዘዙ ነው፤ ለእነሱ የሰጠኋት ሰፊ ባርኔጣ ማድረግንና ጃንጥላ መያዝን ብቻ ነው፤ ማጥሪያ ክሬም ደግሞ እንዳትነካ ለምኛታለሁ። የፒፒዲን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጥቻት ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣለች፤ ቤንዞኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ የመሰሉ መድኃኒቶች ከእሱ ጋር ዝምድና ስላላቸው ለሚያክማት ሁሉ ማሳየት ይኖርባታል። በሠርግ ላይ እጅና እግር ላይ የሚሣለው ጥቁር ሂናም ለእሷ ክልክል ነው።

ከዚያው ስጦታ የተረፈውን ዱቄት ግን ታናሽ እህቷ ወስዳው ነበር። ጠርተን ስንጠይቃት በመጨረሻ በተቀባችበት ሳምንት ጆሮዋን ትንሽ አሳክኳት እንደነበረ፣ ትንኝ ነው ብላ እንዳለፈችው ነገረችን። የታላቋም የጀመረው እንደዚሁ በትንሹ ነውና ዱቄቱን እንድታቆም፣ ሌላም ጥቁር ቀለም ሐኪም ሳያያት እንዳትቀባ ነግረናት ማሸጊያውን ከእሷ ተቀብለናል።